ከገቢዎች ደብዳቤ ሲመጣ፦ ለጎንደር ጡረተኞችና ለልጆቻቸው

ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት ወረቀት መጣ ሲባል ብዙ ጡረተኛ መጀመሪያ የሚደነግጠው ለአበሉ ነው። ይህን ስጋት አስቀድመን እናንሳው፤ በየወሩ በባንክ የሚገባልዎ የጡረታ አበል የገቢ ግብር አይቆረጥበትም፣ አሳውቁም አይባሉበትም። ደብዳቤው የመጣው በሌላ ገቢዎ ምክንያት ነው፤ ለተማሪ ባከራዩት ሰርቪስ፣ በር ላይ በከፈቱት ሱቅ፣ ወይም አንድ ጊዜ አውጥተው በረሱት ንግድ ፈቃድ። ከጡረታ በኋላ ተቀጥረው ከሆነ ደግሞ የደመወዙን ግብር ቀጣሪው ቆርጦ ያስገባል እንጂ እርስዎ ጽሕፈት ቤት መሄድ የለብዎትም። የባንክ ቁጠባ ወለድም እንዲሁ ነው፤ ባንኩ ራሱ ቀንሶ ያስገባል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው በዋናነት ቤት ለሚያከራዩና ትንሽ ንግድ ላላቸው ነው። ማራኪና ቴዎድሮስ ግቢ አካባቢ ክፍል የሚያከራይ ጡረተኛ ብዙ ስለሆነ ምሳሌያችንም ከዚያ ነው።

ማን ነው የጻፈልዎ?

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት የግለሰብ ነጋዴና የቤት ኪራይ ገቢ ግብር የክልል ነው። ስለዚህ ለአንድ አከራይ ወይም ባለሱቅ የሚጽፈው የጎንደር ከተማ አስተዳደር ገቢዎች መምሪያ ወይም በክፍለ ከተማዎ ያለው ጽሕፈት ቤት ነው። ደብዳቤው የመሥሪያ ቤቱ አርማ፣ የወጪ ቁጥር፣ ቀን፣ ፊርማና ክብ ማህተም ሊኖረው ይገባል። አንዱ ከጎደለ ወረቀቱን ይዘው መዝገብ ቤት ሄደው «ይህ ቁጥር ከእናንተ ወጥቷል?» ብለው ይጠይቁ፤ የወጪ መዝገብ ላይ ወዲያው ይታያል።

የቤትና የቦታ ግብር ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋጅ ቁጥር 80 የተጣለ፣ ቤቱን ቢያከራዩም ባያከራዩም በየዓመቱ የሚከፈል ነው። «የቤት ግብሬን ከፍያለሁኮ!» ብለው ያንን ደረሰኝ ይዘው የኪራይ ገቢ ግብር መስኮት ላይ የሚከራከሩ አሉ። ሁለቱ ወረቀቶች አይተካኩም፤ በሁለት የተለያዩ ፖስታዎች ይቀመጡ።

በስልክ የሚመጣውስ? አጭር መልእክትም ሆነ ጥሪ፣ በየሰፈሩ በሞንታርቦ የሚነገረውም ማስታወቂያ፣ የመክፈያ ጊዜ መድረሱን ለማስታወስ ነው። በስልክ ብቻ የተነገረ ገንዘብ የግብር ውሳኔ አይደለም። ደዋዩ «በዚህ ቁጥር በቴሌብር ላኩ፣ አለዚያ ቤትዎ ይታሸጋል» ካለ ስልኩን ይዝጉ። ግብር በግለሰብ ስም ወዳለ ቁጥር አይላክም፤ ወደ ግለሰብ የባንክ ሒሳብም አይገባም። ሰውየው እውነተኛ ሠራተኛ ቢሆን እንኳ ነገ ጽሕፈት ቤቱ ድረስ ሄደው ቢያረጋግጡ የሚያጡት ነገር የለም።

የደረሰበት ቀን

ከሁሉ በላይ ትኩረት የምንለምንዎ እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ መብት የሚጠፋው በገንዘብ ማጣት ሳይሆን በቀን ማለፍ ነውና። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 እንደሚለው ማስታወቂያ ለባለቤቱ ወይም ለወኪሉ በእጅ ይሰጣል፤ እሱ ካልተገኘ አብሮት ለሚኖር አካለ መጠን ለደረሰ ቤተሰብ ይሰጣል፤ በአደራ ፖስታም ሊላክ ይችላል፤ ይህ ሁሉ ካልተሳካ በር ላይ ይለጠፋል። ክልሉ በራሱ አዋጅ ይሥራ እንጂ አካሄዱ ከዚህ ጋር ተመሳሳይ ነው። እንግዲህ የልጅ ልጅዎ ተቀብሎ ከቴሌቪዥኑ ሥር ያኖረው ደብዳቤ ለሕጉ ደርሶዎታል ማለት ነው። በሐምሌ ዝናብ ከአጥር በር ላይ ርሶ የወደቀውም ያው ነው፤ «አላየሁትም» ማለት ከባድ ክርክር ውስጥ ይከትዎታል።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። ወረቀቱ እጅዎ በገባበት ደቂቃ ጀርባው ላይ «ዛሬ፣ ቀን ይህ፣ ያመጣው እገሌ፣ የተቀበለው እገሌ» ብለው በእስክሪብቶ ይጻፉ። ላመጣው ሠራተኛ ሲፈርሙ ከፊርማዎ ጎን ቀኑን ራስዎ ያስቀምጡ፤ ቀኑ ባዶ ከተተወ በኋላ ማን እንደሚሞላው አይታወቅም። በር ላይ ተለጥፎ ካገኙት ሳይነቅሉ በስልክ ፎቶ ያንሱት። ተከራዮችዎን ደግሞ «ከገቢዎች ወረቀት ከመጣ አትቀበሉ፣ ጥሩኝ» ብለው አስቀድመው ይንገሯቸው። ተከራይ ተቀብሎ ለዕረፍት አገሩ ይዞት የሄደ ደብዳቤ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም።

በውሳኔው ካልተስማሙ ቅሬታ የሚያቀርቡት ውሳኔው በደረሰዎ በ21 ቀን ውስጥ ነው። አቆጣጠሩ የሚጀምረው ከማግሥቱ ነው። ሐምሌ 12 የደረሰ ከሆነ የመጨረሻው ቀን ነሐሴ 3 ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የደረሰ ግን ሰውን ያሳስታል፤ ብዙ ሰው ጳጉሜን ሳይቆጥር ይዘላታል። ነሐሴ 25 የደረሰ ውሳኔ ጳጉሜ 5 ቀን ስትሆን መስከረም 11፣ 6 ቀን ስትሆን መስከረም 10 ያበቃል። የመጨረሻው ቀን ቅዳሜ፣ እሑድ ወይም በዓል ላይ ከዋለ ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይሻገራል፤ ቢሆንም እስከዚያ አያቆዩት። ሐምሌ ላይ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ሲስተም የለም የሚባልበት ቀንም አለ።

ወረቀቱ ምን ዓይነት ነው?

«ጉዳዩ» የሚለውን መስመር ያንብቡ። «እንዲያሳውቁ» ወይም «እንዲቀርቡ» የሚል ከሆነ ጥሪ ነው፤ ገና ገንዘብ አልተወሰነብዎትም። ከተባለው ቀን በፊት የኪራይ ውልዎን፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርዎንና መታወቂያዎን ይዘው ይሂዱ። የመለያ ቁጥሩ 10 አሃዝ ነው፤ ለአንድ ሰው አንድ ብቻ ነው። በሥራ ላይ ሳሉ በመሥሪያ ቤትዎ በኩል ያወጡት ካለ ለኪራዩም ለሱቁም የሚያገለግለው እሱው ነው። ድሮ ያወጡትን ረስተው ሌላ ለማውጣት የሚሞክሩ ሰዎች አሻራ ላይ ሲደርሱ ይያዛሉ፣ ፋይላቸውም ይደባለቃል።

«የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ» የሚል ከሆነ የሚከፍሉት ገንዘብ ተወስኗል፤ 21 ቀኑ መቁጠር ጀምሯል። «ውዝፍ» ወይም «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» የሚል ከሆነ ደግሞ ከዚህ በፊት የወጣ ውሳኔ አለ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቁት የቀድሞውን ውሳኔ ቅጂና ለማን፣ መቼ እንደተሰጠ የሚያሳየውን ፊርማ ነው። የፈረመው የማያውቁት ሰው ሆኖ ከተገኘ ዋናው መከራከሪያዎ እሱ ነው።

ቁጥሩን መመርመር

በውሳኔው ላይ ሦስት የተለያዩ ገንዘቦች ይኖራሉ፤ ፍሬ ግብር (ዋናው ግብር ራሱ)፣ ወለድና መቀጫ። ድምሩን ብቻ አይተው አይደንግጡ። መጀመሪያ ፍሬ ግብሩን ይያዙ፤ እሱ ከተሳሳተ ሌሎቹም አብረው ተሳስተዋል።

ቀጥሎ የየትኛው ዓመት እንደሆነ ይዩ። የግብር ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። የገቢ ግብር አዋጁ 979/2008 በ2017 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1395 ተሻሽሏል፤ መጣኔውም ተለውጧል። የቆየ ውዝፍ ግን የሚሰላው ያኔ በነበረው መጣኔ ነው። ስለዚህ በ2015 ውዝፍ ላይ የአዲሱ ሕግ ስሌት ከገባ፣ ወይም ሦስት ዓመት አንድ ላይ ተደምሮ እንደ አንድ ዓመት ገቢ ከተሰላ፣ ስህተት ነው። ዓመታት ሲደመሩ ገቢው ወደ ላይኛው መደብ ይገባና ግብሩ ያላግባብ ያድጋል።

የ2015ን በምሳሌ እንሥራው። ሦስት ክፍል፣ እያንዳንዱ በወር 1,500 ብር፣ ዓመቱን ሙሉ ተከራይቷል እንበል። በወር 4,500፣ በዓመት 54,000 ብር ነው። የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ የሌለበት አከራይ በ979/2008 መሠረት ለጥገናና ለእርጅና ከጠቅላላ ኪራዩ ግማሹ፣ 50 በመቶው ይቀነስለታል። ለቦታው የከፈሉት የከተማ አገልግሎት ክፍያ ካለ እሱም ይቀነሳል፤ ለምሳሌያችን ይቅር። ግብር የሚከፈልበት 27,000 ብር ነው። እስከ 7,200 ነፃ ነው። ከዚያ እስከ 19,800 ያለው 12,600 ብር በ10 በመቶ 1,260 ይሆናል። ከ19,800 በላይ ያለው 7,200 ብር በ15 በመቶ 1,080 ነው። ድምሩ 2,340 ብር። ጽሕፈት ቤት ውስጥ ያለው ሠራተኛ በአቋራጭ ነው የሚሠራው፤ 27,000 በ15 በመቶ ሲባዛ 4,050፣ ሲቀነስ 1,710፣ እኩል ይሆናል 2,340። በወረቀትዎ ላይ ያለው ቁጥር ከዚህ ዓይነት ስሌት በጣም ከራቀ ወይ 50 በመቶው አልተቀነሰም፣ ወይ የኪራዩ ግምት ከፍ ብሏል ማለት ነው።

ግምቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቤት ለቤት ጥናት ነው። አጥኚው የክፍሉን ብዛት ቆጥሮ፣ የሰፈሩን ዋጋ ወስዶ በ12 ወር ያባዛል። ተማሪ የሚከራየው ክፍል ግን ክረምቱን ባዶ ሊያድር ይችላል፤ አንደኛው ክፍል ውስጥ ልጅዎ ይኖር ይሆናል፤ አንዱ እህል ማኖሪያ ነው። አጥኚው ሲመጣ ይህን ካላሳዩት ሁሉም እንደተከራየ ይቆጠራል። ማስረጃው የጽሑፍ ውል ነው፤ የገባበትና የወጣበት ቀን፣ የወር ኪራዩ፣ የሁለታችሁ ፊርማ ያለበት። በቃል የተከራየ ክፍል ለእርስዎ የሚመሰክር ወረቀት የለውም።

ትንሽ ሱቅ ካለዎም የሚከራከሩት በዚሁ መንገድ «የቀን ገቢ ግምት» ላይ ነው። በተለይ ሱቁን የሚከፍቱት ከቅዳሴ መልስ ለጥቂት ሰዓት ከሆነ፣ ወይም ታመው የዘጉበት ወር ካለ፣ ግምቱ ሲሰጥ በጽሑፍ ያስመዝግቡ። የሕክምና ወረቀት ይረዳል።

የባንክ ሒሳብዎ ነገርም አለ። አበል፣ ውጭ አገር ያለ ልጅ የሚልከው ገንዘብና ኪራይ በአንድ ደብተር ሲገቡ ሁሉም ገቢ ይመስላል። ለኪራይ ብቻ ሌላ ሒሳብ ይክፈቱ። እስካሁን ከተደባለቀ የአንድ ዓመት የባንክ መግለጫ አውጥተው የአበሉን መስመሮች በአንድ ቀለም፣ የልጆችዎን በሌላ ቀለም ያስምሩ። ይህን ይዞ የቀረበ ሰው ጉዳዩን በአንድ ቀጠሮ ሊጨርስ ይችላል።

ቅሬታ አጻጻፍ

በቃል ተናግሮ መመለስ ቅሬታ አይባልም። «እናየዋለን አባባ» ተብለው ተደስተው የተመለሱ ስንት ሰዎች በ22ኛው ቀን መብታቸውን አጥተዋል። ቅሬታው በጽሑፍ፣ በሁለት ቅጂ ይሁን። የመጀመሪያውን መዝገብ ቤት ሲያስገቡ በሁለተኛው ላይ ገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም ያስመቱና ወደ ቤት ይዘውት ይመለሱ። ያ ቅጂ በ21 ቀን ውስጥ ማቅረብዎን የሚያረጋግጥ ብቸኛ ወረቀትዎ ነው።

ሕጉ ቅሬታው ተቀባይነት እንዲኖረው የሚጠይቀው ነገር አለ፤ የሚቃወሙበት ነጥብ በግልጽ መጻፍ፣ ምን እንዲስተካከል እንደሚፈልጉና ምክንያቱን ማስቀመጥ፣ እንዲሁም ያልተከራከሩበትን የግብር ክፍል መክፈል። የመጨረሻውን ብዙ ሰው አያውቀውም። 6,000 ብር ተወስኖብዎ «የእኔስ 2,340 ነው» ካሉ፣ 2,340ውን ከፍለው ደረሰኙን ከቅሬታው ጋር ያያይዙ። ካልከፈሉ ቅሬታው እንዳልቀረበ ሊቆጠር ይችላል።

ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም፤ ስለ አገልግሎት ዘመንዎና ስለ ኑሮ ውድነት መጻፍ ውሳኔውን አይለውጠውም። እንዲህ ይበቃል፦

«ለ… ክፍለ ከተማ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት፣ ጎንደር።
ጉዳዩ፦ በቁጥር … በቀን … የተጻፈ የግብር ውሳኔን ስለመቃወም።
የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሬ … ነው። ውሳኔው የደረሰኝ በቀን … ነው። በውሳኔው በ2015 የግብር ዓመት 6 ክፍል እንዳከራየሁ ተደርጎ ተሰልቷል። ያከራየሁት 3 ክፍል ብቻ ነው፤ ሁለቱ ውስጥ ቤተሰቤ ይኖርበታል፣ አንዱ ማድ ቤት ነው። በዚህ መሠረት ፍሬ ግብሩ 2,340 ብር እንዲሆን፣ መቀጫውና ወለዱም በዚሁ እንዲስተካከል እጠይቃለሁ። የማልከራከርበትን 2,340 ብር የከፈልኩበትን ደረሰኝ፣ የሦስቱን ክፍል የኪራይ ውልና የውሳኔውን ቅጂ አያይዣለሁ።»

ስም፣ ፊርማ፣ ቀን፣ ስልክ። ቤቱ በአካል እንዲታይ ከፈለጉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምሩት፤ ክፍል ቆጠራ ላይ ለሚነሣ ክርክር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። በሕመም ወይም በሐዘን ምክንያት በ21 ቀን ካልደረሱ፣ ቀኑ ከማለፉ በፊት የማራዘሚያ ጥያቄ በጽሑፍ ያስገቡ።

መልሱ በጽሑፍ ይመጣል። በእሱም ካልተስማሙ ወደ ታክስ ይግባኝ የሚሄዱት መልሱ በደረሰዎ በ30 ቀን ውስጥ ነው፤ በ983/2008 መሠረት ያን ጊዜ ከሚከራከሩበት ግብር ግማሹን ማስያዝ ያስፈልጋል። ጽሕፈት ቤቱ 180 ቀን ሙሉ ሳይወስን ከቆየም ይግባኝ ማለት ይቻላል። ለጥቂት ሺህ ብር ጉዳይ ግን የመጀመሪያውን ቅሬታ አጥብቆ መሥራት ከይግባኝ ይሻላል።

መክፈል፣ መዘግየት፣ ማዘጋጀት

ቁጥሩ ትክክል ከሆነ በቶሎ ይክፈሉ። በ983/2008 ዘግይቶ የሚከፈል ግብር ለመጀመሪያው ወር ወይም ለከፊሉ 5 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ወር ወይም ለከፊሉ 2 በመቶ መቀጫ አለው። በ2,340 ብር ላይ የመጀመሪያው ወር 117 ብር፣ ከዚያ በየወሩ 46 ብር ከ80 ሳንቲም ነው። ዓመት ሲሞላ 631 ብር ከ80 ይደርሳል፤ ወለዱም ለብቻው ነው። ሳያሳውቁ መቅረት ደግሞ ሌላ መቀጫ አለው። ገንዘብ ባይኖርዎ እንኳ በጊዜው ያሳውቁ የምንለው ለዚህ ነው።

በአንድ ጊዜ መክፈል ካልቻሉ ከፋፍለው እንዲከፍሉ እንዲፈቀድልዎ በጽሑፍ ይጠይቁ። የአበልዎን መጠን የሚያሳይ የባንክ ወረቀት ያያይዙና በየወሩ በእርግጥ የሚችሉትን ይጻፉ። ይሉኝታ ይዞዎት ከአቅም በላይ አይፈርሙ፤ አንዱ ክፍያ ካለፈ ቀሪው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጠየቃልና። ወለዱም በዚህ ጊዜ ውስጥ አይቆምም። መቀጫ እንዲነሣልዎ መጠየቅ ይቻላል፤ ፍሬ ግብሩን ግን በዚህ መንገድ ማስቀረት አይቻልም።

ሲከፍሉ ደረሰኙ ላይ ስምዎ፣ መለያ ቁጥርዎ፣ የግብር ዓይነቱና ዓመቱ በትክክል መጻፉን መስኮቱን ሳይለቁ ያንብቡ። የ2015 ክፍያ በ2016 ከተመዘገበ ውዝፉ ሳይነካ ይቀራል፣ በሚቀጥለው ዓመትም ያው ደብዳቤ ይመጣል። ደረሰኙ ዓመት ሲያልፍ ስለሚደበዝዝ ፎቶ ኮፒ አድርገው ቢያንስ 5 ዓመት ያስቀምጡት።

ልጅ ወክሎ ሲሄድ

ጉልበት ሲደክም ልጅ መሄዱ አይቀርም። ለጥያቄ ብቻ ከሆነ መታወቂያዎን ይዞ ሊስተናገድ ይችል ይሆናል፤ የፋይልዎን ዝርዝር ግን ሠራተኛው ያለ ውክልና መስጠት የለበትም፣ የግብር ከፋይ ምስጢር መጠበቅ ግዴታው ነው። ውክልናው የተረጋገጠ ይሁንና «በገቢዎች ጽሕፈት ቤት ቀርቦ እንዲያሳውቅ፣ እንዲከፍል፣ ማስታወቂያ እንዲቀበል፣ ቅሬታና ይግባኝ እንዲያቀርብ» የሚል ቃል በግልጽ ይኑርበት። «ቤቴን እንዲያስተዳድር» የሚል ብቻ ብዙ ጊዜ መስኮት ላይ ያስመልሳል። ልጅዎ የተቀበለው ማስታወቂያ እርስዎ እንደተቀበሉት ስለሚቆጠር ያኑ ቀን ይደውልልዎ።

አድራሻ ወይም ስልክ ሲቀየር፣ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ልጅ ቤት ሲገቡም ቢሆን፣ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያሳውቁ። ሱቅ ሲዘጉ ደግሞ በር መቆለፍ አይበቃም። ንግድ ፈቃዱን ለንግድ ጽሕፈት ቤት መልሰው፣ የመመለሻውን ወረቀት ይዘው ገቢዎች ፋይልዎን ያዘጉ፤ ይህም በ30 ቀን ውስጥ ነው። ያልተመለሰ ፈቃድ እየሠራ እንዳለ ተቆጥሮ በየዓመቱ ግምት ይወጣበታል። ባል ሲሞትም እንዲሁ ነው፤ ኪራዩን መሰብሰብ የቀጠለችው ባለቤት የሞት ማስረጃውንና የወራሽነት ውሳኔውን ይዛ ፋይሉን ወደ ስሟ ታዙር፤ ካልሆነ ደብዳቤው በሟች ስም እየመጣ ለተዝካር ከተሰበሰበው ሰው እጅ ይገባል፣ ቀኑም ይቆጠራል።